ባለ ሁለት ዓይን ጠላት

በአገራችን የቆየ የአሣሣል ወግ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በአንድ። ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፣ ትልልቅ ዓይኖቻቸውን ከፍተው ያዩናል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታት ገዳዮች ደግሞ በጎን ስለሚሣሉ ከዓይናቸው አንዱ ብቻ ይታያል። ወጉ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርዶ ወደ ጦር ሜዳ ሥዕልም ተሻግሯል። የአድዋ ሥዕሎችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፦ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ፣ በአንዱ ወገን የምኒልክ ሠራዊት በሙሉ ፊት፣ በሌላው ወገን የጣሊያን ጦር በጎን፣ አንድ አንድ ዓይን ይዞ።

ሠዓሊው እንዲህ ያደረገው ሙሉ ፊት መሣል ተስኖት አይደለም። ዓይን ለዓይን የሚያየንን ሰው መጥላት እንደሚከብደን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ማንን መጥላት እንዳለብን በቃል ሳይነግረን፣ የምንጠላበትን መንገድ በብሩሹ ጠረገልን። ስለ ጦርነት ፊልም የማስበው ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ካሜራውን የት እንትከል፣ በማን ጆሮ እንስማ፣ የማንን ፊት እናቅርብ የሚሉት ጥያቄዎች የሙያ ጥያቄዎች ይመስላሉ። ነገር ግን ተመልካቹ ማንን ሰው ብሎ እንደሚቆጥር የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ መወሰኑን ሳያውቀው።

ሲኒማና አድዋ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ተመልካች ፊልማቸውን ያሳዩት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዕለት ነበር። አድዋ በዚያው ዓመት የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ። በመካከላቸው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ አለ። ካሜራው አልደረሰም። ከመቶ ዓመት በኋላ ኃይሌ ገሪማ «አድዋ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልሙን ሲሠራ የውጊያው አንድም ተንቀሳቃሽ ምስል አልነበረውምና በሥዕል፣ በዘፈንና በአረጋውያን ቃል ተራኪነት ሄደበት።

ካሜራው ወደ እኛ ጦርነት የመጣው ከአድዋ አርባ ዓመት በኋላ፣ ከወራሪው ጋር ነው። ሉቼ የተባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ለብቻው ክፍል አደራጅቶ መንገድ ሲጠረግ፣ ጦር ሲሰለፍ፣ አውሮፕላን ሲነሣ ቀረጸ። የመርዝ ጋዙን አላሳየም። ቦምቡን ግን ከላይ፣ ከአውሮፕላኑ ሆኖ አሳይቷል፤ ከዚያ ከፍታ ደግሞ ሰው የሚባል ነገር አይታይም፣ ጭስ ብቻ። በዚያ ጦርነት በአብራሪነት የዘመተው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ስለ ዘመቻው መጽሐፍ ጽፏል። ቦምብ በመካከላቸው ወድቆ ሲፈነዳ የፈረሰኞች ጭፍራ እንደሚፈካ ጽጌረዳ ሆኖ ታይቶት እንደነበር እዚያ ውስጥ ይናገራል። ይኸው ሰው ቆይቶ የፊልም ሰው ሆነ፤ «ቺኔማ» የተባለውን የጣሊያን የፊልም መጽሔት መራ። የሠዓሊያችን ጠላት ቢያንስ አንድ ዓይን ነበረው። ከአውሮፕላን የታየው ፈረሰኛ ግን ዓይንም ፊትም የለውም፤ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ነው። ያን አብራሪ ከሌሎች ይልቅ ጨካኝ ሆኖ ስለ ተፈጠረ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከዚያ ቦታ ሆኖ ለሚያይ ለማንኛውም ሰው ነገሩ ውብ ሊሆን መቻሉ ነው።

ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ እውነተኛ ፀረ ጦርነት ፊልም አይቶ እንደማያውቅ ተናግሯል። ጦርነትን በፊልም ማሳየት ዞሮ ዞሮ ጦርነትን ማስወደድ ይሆናል ባይ ነበር። ንግግሩ በተደጋገመ ቁጥር እንደ ብልጠት ስለሚቆጠር ክብደቱ ይረሳል። እኔ ከምር እወስደዋለሁ። ፊልም ሲንቀሳቀስ ልባችንም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ፍንዳታ ሲቀርብ ያምራል፤ ከብዙዎች መካከል አንድ ሰው ተመርጦ ስንከተለው እሱ እንዲተርፍ እንመኛለን፣ እሱ እንዲተርፍ ደግሞ ሌሎች መሞት አለባቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳይሬክተሩ ሰላም ወዳድ ቢሆንም ነው።

የስቲቨን ስፒልበርግ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የጦርነት ፊልም አሠራር ተቀየረ ተባለ፤ ተቀይሯልም። በኖርማንዲ የኦማሃ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚካሄደው የመጀመሪያው ውጊያ ሃያ አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ማጀቢያ ሙዚቃም የለውም። የካሜራው ባለሙያ ያኑሽ ካሚንስኪ ያደረገውን በቅርብ ማየት ይገባል። በፊልም ካሜራ ውስጥ እየተሽከረከረ ብርሃን የሚያስገባና የሚከለክል ሹተር አለ። በተለመደው አሠራር ግማሽ ክብ፣ ማለትም 180 ዲግሪ ያህል ክፍት ስለሆነ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር በእያንዳንዱ ምስል ላይ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ዓይናችንም ያን ድብዛዜ እንደ ለስላሳ እንቅስቃሴ ይቀበለዋል። ካሚንስኪ ሹተሩን ወደ 90፣ ከዚያም ወደ 45 ዲግሪ አጠበበው። ድብዛዜው ጠፋ። ፍንዳታ ያነሣው አሸዋ ቅንጣት በቅንጣት፣ የባሕሩ ውሃ ጠብታ በጠብታ አየር ላይ ተለይቶ ታየ፤ የሰዎቹ ሩጫም የተቆራረጠ፣ የሚንቀጠቀጥ ሆነ። የሌንሶቹ መከላከያ ቅብ ተነሥቶ ብርሃኑ እንዲበተን ተደረገ፤ ቀለሙም ደበዘዘ። ተመልካቹ ከዚህ አንዱንም አያውቅም። የሚያውቀው እጁ ወንበሩን ጨምድዶ መያዙን ብቻ ነው።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ታላቅነቱን ለመካድ አልሞክርም። የምጠይቀው ሰውነታችን በዚያ ሁሉ ከተናወጠ በኋላ ወዴት እንደሚወሰድ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ምሽጉ ይወሰዳል። ካሜራው ከአሜሪካኖቹ ጋር በአሸዋው ላይ ይሳባል፣ ከእነሱ ጋር ይደነቁራል፣ ከእነሱ ጋር ይወጣል። ከላይ መትረየስ የሚተኩሱትን ጀርመኖች በአመዛኙ ከጀርባቸው ያሳየናል፤ የሚታየን የራስ ቁራቸውና ትከሻቸው ነው። ምሽጉ ሲያዝ የሚሰማን እፎይታ ከአሰቃቂው ነገር መገላገል ብቻ አይደለም፤ ድል ነው። ፍርሃታችን በሙሉ ወደ ድል ተመነዘረ።

በዚያ እፎይታ መካከል ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። ሁለት ወታደሮች እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው እየለመኑ ይወጣሉ። አሜሪካኖቹ ቋንቋቸውን አይሰሙም፤ ተኩሰው ይገድሏቸውና ይቀልዱባቸዋል። ሰዎቹ የሚናገሩት ግን ጀርመንኛ አይደለም፣ ቼክኛ ነው። ጀርመን አለመሆናቸውን፣ ማንንም አለመግደላቸውን እየተናገሩ ነው። ጀርመን ከያዘቻቸው አገሮች በግድ ያሰለፈቻቸው ብዙ ነበሩና ታሪኩ ያለ መሠረት አልተጨመረም። ስፒልበርግ ግን ሰብታይትል አላደረገበትም። ቼክኛ የማይሰማ ተመልካች፣ ማለትም የዓለም ተመልካች ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ ከገዳዮቹ እኩል ደንቆሮ ሆኖ ይቀመጣል። ቀልዱ ላይ የሳቀም ይኖራል።

በዚህ ውሳኔ ላይ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። በአንድ በኩል በፊልሙ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ ደፋሩ እሱ ነው፤ ተመልካቹን የግድያው ተባባሪ ያደርገዋልና። በሌላ በኩል ተባባሪነቱን ተመልካቹ ካላወቀው ምን ዋጋ አለው? ተሸፍኖ የቀረ እውነት ህሊናን አይነካም። አንድ መስመር ጽሑፍ ከምስሉ ግርጌ ቢኖር ኖሮ የሃያ አራቱ ደቂቃ ትርጉም በሙሉ ይገለበጥ ነበር፤ ያ ድል አፍ ውስጥ ይመር ነበር። የአንድ መስመር ጽሑፍ አለመኖር የሠዓሊውን አንድ ዓይን ያህል ሠርቷል።

ከዚህ ፊልም አሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ሌላ ፊልም አለ። ስሙ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ ነው፤ «መጥተህ እይ»። ዳይሬክተሩ ኤለም ክሊሞቭ በ1933 በስታሊንግራድ ተወልዶ በልጅነቱ ከሚነደው ከተማ በቮልጋ ወንዝ ላይ የተሻገረ ሰው ነው። ድርሰቱን አብሮት የጻፈው ቤላሩሳዊው አሌስ አዳሞቪችም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ ነበር። የሶቪየት የፊልም ባለሥልጣኖች ሥራውን ለዓመታት አግደውት ቆይተዋል። ክሊሞቭ ከዚህ ፊልም በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2003 ድረስ ሌላ ፊልም አልሠራም።

ታሪኩ የአንድ የገጠር ልጅ ነው፤ ፍሊዮራ ይባላል። አሸዋ ቆፍሮ ጠመንጃ አገኘና እናቱ እያለቀሰች ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። የተጫወተው አሌክሲ ክራቭቼንኮ ያን ጊዜ አፍላ ልጅ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር ፊቱ የልጅ ነው፣ ሲያልቅ የተጨማደደ የሽማግሌ ፊት ሆኗል፤ ያንንም የምናየው ካሜራው ደጋግሞ ፊት ለፊት ስለሚቀርበው ነው። ልጁ ወደ ጎን አያይም፤ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ያያል። በብዙ ፊልም ተዋናይ ካሜራውን እንዳያይ ይከለከላል፣ ተመልካቹ ተደብቆ ማየቱን እንዳይነጠቅ። ክሊሞቭና የካሜራ ባለሙያው አሌክሲ ሮዲዮኖቭ መደበቂያውን ነጠቁን።

ጆሮውንም እንዲሁ አደረጉት። ጫካው በቦምብ ሲደበደብ ፍሊዮራ ይደነቁራል፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የምንሰማው እሱ የሚሰማውን ነው። ቀጭን ጩኸት ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ የሰው ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ታፍኖ ይደርሳል። በስፒልበርግ ፊልም ካፒቴኑም እንዲህ ለጥቂት ጊዜ ይደነቁራል፣ ከዚያ የጦርነቱ ድምፅ በኃይል ይመለሳል፣ እሱም ወደ አዛዥነቱ ይመለሳል። ፍሊዮራ የሚመለስበት አዛዥነት የለውም።

አሁን በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ ወደማስበው ቦታ ልምጣ። ፍሊዮራና ግላሻ የምትባል ልጅ ወደ እሱ መንደር ይመለሳሉ። መንደሩ ጸጥ ብሏል። ቤቱ ባዶ ነው። ምድጃ ውስጥ ያለው ሾርባ ገና አልቀዘቀዘም፤ ተቀምጠው ይበላሉ። የትንንሽ እህቶቹ አሻንጉሊቶች ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ዝንብ ይጮሃል፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ነው። ፍሊዮራ ቤተሰቡ የት እንደተሸሸገ አውቄያለሁ ብሎ ወደ ረግረጉ ይሮጣል፣ ግላሻ ትከተለዋለች። እየሮጠች ዘወር ትላለች። ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር የመንደሩ ሰዎች ሬሳ ተከምሯል። ምስሉ ከታየ ወዲያው አለፈ። ልጁ አልዞረም። አላየም።

ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ካሜራውን ሬሳው ላይ ያቆይ ነበር፤ ከዚያም እንደነግጥ ነበር፣ ድንጋጤው ደግሞ ያልፍ ነበር። ክሊሞቭ ያደረገው ሌላ ነው። እውቀቱን ከፈለው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የእናቱንና የእህቶቹን ሞት እኛና ግላሻ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክብደት ከማንም በላይ ይረዳዋል። መርዶ የያዘ ሰው ሌሊቱን ነግቶ እስኪነገር ድረስ ከሟቹ ወገን ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ምንም እንዳልሆነ መስሎ ያድራል፤ ከማልቀሱ ይልቅ የሚከብደው ማወቁ ነው። በዚያ ረግረግ ውስጥ ልጁ አንገቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወደ ቤተሰቡ እየታገለ ሲሄድ እኛ መርዶ ይዘን መንገር የማንችል ሰዎች ነን። በዚህ ሁኔታ ጦርነቱን ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም። ማማሩም፣ ማስፈንጠዙም ጠፍቷል። ትሩፎ ያለው ነገር ቢያንስ እዚህ ላይ ተሽሯል ብዬ አምናለሁ፤ የተሻረውም ካሜራው የሚያሳየውን በመቀነሱ ነው።

የሌላ መንደር መቃጠል ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰዎቹ በአንድ የእንጨት ቤት ውስጥ ታጉረው ይነዳሉ፣ የጀርመን ወታደሮች ያጨበጭባሉ። ይህ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ሐቲን በምትባል የቤላሩስ መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1943 149 ሰዎች ተገድለዋል፤ 75ቱ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ ትዕይንት ብዙ ማለት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ ወታደሮቹ ፍሊዮራን አንበርክከው፣ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግነው ፎቶ ይነሣሉ፤ ከተነሡ በኋላ ትተውት ይሄዳሉ። ለመግደል ሳይሆን ለምስል ፈልገውት ነበር። ክሊሞቭ የራሱ መሣሪያ የሆነውን ካሜራ በገዳዮቹ እጅ አድርጎ አሳየን።

መጨረሻው ላይ አርበኞቹ ጥቂት ጀርመኖችንና ተባባሪዎቻቸውን ይማርካሉ። ከምርኮኞቹ አንዱ አይለምንም። ሕፃናቱን ለማጥፋት ለምን እንደፈለጉ በግልጽ ይናገራል፤ ሁሉ ነገር ከልጆች ይጀምራልና ነው። ይገደላሉ። እኛም መገደላቸውን እንፈልጋለን፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይህን ፍላጎት በውስጣችን ሲያበስል ቆይቷል። ከዚያ ፍሊዮራ ጭቃ ውስጥ የወደቀ የሂትለር ፎቶ ያገኝና ተሸክሞት የኖረውን ጠመንጃ አነጣጥሮ ይተኩሳል። በተኮሰ ቁጥር የታሪክ ፊልም ወደ ኋላ ይሄዳል። የፈረሱ ሕንፃዎች ከፍርስራሻቸው ይነሣሉ፣ ሰልፈኞች ወደ ኋላ ይራመዳሉ፣ ቦምቦች ወደ አውሮፕላኖቹ ይመለሳሉ። ሂትለር በዕድሜ እያነሰ ይሄዳል፤ ወታደር፣ ተማሪ፣ በመጨረሻም በእናቱ ጭን ላይ ያለ ሕፃን። ፍሊዮራ ጠመንጃውን እንዳነጣጠረ ይቆማል። አይተኩስም።

ለእኔ የፊልም ቅንብር ከዚህ ቦታ በላይ የደረሰበት የለም። ስሜት መቀስቀስ ለሠለጠነ ባለሙያ ከባድ አይደለም፤ ሙዚቃና ሬሳ ካለ ማንም ያደርገዋል። ክሊሞቭ ግን ራሱ ያነደደውን እሳት ጫፍ ላይ ሲደርስ ያዘው። ያ ምርኮኛ ልጆችን መግደል ትክክል ነው ያለው ነገ የሚሆኑትን ስለሚያውቅ ነው። ለፍሊዮራ ነገ የሚሆነው በእርግጥ የሚታወቅ አንድ ሕፃን ተሰጠው፣ በዓለም ላይ ካሉት ሕፃናት ሁሉ እሱ ብቻ፤ ያም ሕፃን ሁለት ዓይን አለው። ቢተኩስ ኖሮ የምርኮኛው ክርክር ያሸንፍ ነበር። ከዚህ በኋላ በስክሪኑ ላይ 628 የቤላሩስ መንደሮች ከነዋሪዎቻቸው ጋር መቃጠላቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። ቁጥሩ ከሕፃኑ በፊት ቢመጣ ኖሮ በቀል ይጠራ ነበር። ከሕፃኑ በኋላ በመምጣቱ ግን የልጁ አለመተኮስ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይመዝንልናል። የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ የቅንብር ክፍል ውሳኔ ነው።

ጂሎ ፖንቴኮርቮም እ.ኤ.አ. በ1966 በ«የአልጀርስ ጦርነት» ተመሳሳይ ነገር በሙዚቃ አድርጓል። ፈረንሳዮች በካዝባ ውስጥ ቤቶችን በቦምብ ሲያፈርሱና የአልጄሪያውያን ሬሳ ሲወጣ አንድ የልቅሶ ዜማ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ሦስት አልጄሪያውያት ሴቶች በፈረንሳዮች ሰፈር ቦምብ ያስቀምጣሉ፤ ካሜራው ሊሞቱ ባሉት ሰዎች ፊት ላይ ተራ በተራ ያርፋል፤ ከእነሱም መካከል አይስክሬም የሚልስ ሕፃን አለ። ከፍንዳታው በኋላ የሚሰማው ዜማ ያው ነው። ፖንቴኮርቮ ከማን ወገን እንደቆመ ፊልሙ ውስጥ ለአፍታም አያጠራጥርም፤ አልጄሪያ ነጻ መውጣት አለባት ይላል። ወገን መያዝ የሌላውን ሬሳ ያለ ዜማ መተውን እንደማይጠይቅ ግን አሳየ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለሲኒማ ወዳጆች ብቻ ብዬ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ጦርነት ወደየእጃችን በስልክ መጥቷል። ከድሮን የተቀረጸ ቁልቁል የሚታይ ግቢ፣ ጭስ፣ ከዚያ ያለቀ ቪዲዮ፤ የተማረኩ ልጆች ሰልፍ፣ ከሥሩ ሽለላ ወይም የክራር ምት። የሚያቀናብረው ሰው ፊልም ትምህርት ቤት አልገባም፤ የሚጠቀምበት ጥበብ ግን ያው ቪቶሪዮ ከላይ ያየበት ነው። አዲስ አበባም ያለ፣ ዋሽንግተንም ያለ፣ ሪያድም ያለ ሰው ያን ሃያ ሰከንድ አይቶ ደስ ብሎት ወይም ተቃጥሎ ለሌላው ይልከዋል። የተሰማው ነገር የራሱ ይመስለዋል። ዘፈኑ ቢነሣ፣ የተማረከው ልጅ ስሙን ቢናገር፣ ቪዲዮው ዐሥር ሰከንድ ቢረዝም ያው ሰው ምን ይሰማው እንደነበር አይጠይቅም።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጤዛ» ውስጥ ሌላ መንገድ አሳይቷል። የደርግ ዘመን ጦርነት እዚያ ፊልም ውስጥ በጦር ግንባር አይታይም። የሚታየው በጣና አካባቢ መንደር ውስጥ ነው፤ ለውትድርና የሚታፈሱ ልጆች ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ፣ እናቶች ይጠብቃሉ። የሚያምር ፍንዳታ የለም፤ ካሜራው ጦርነቱ ከሚገባባቸው ቤቶች አይወጣም።

የቅርቡን ጦርነታችንን በፊልም የሚሠራ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ምናልባት አሁንም ድርሰቱን እየጻፈ ይሆናል። ስለ ደሙ ብዛት፣ ስለ ታንክ ኪራይ፣ ስለ ፈቃድ ብዙ ይጨነቃል። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት በትግርኛ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ በአማርኛ፣ ሌላዋ በአፋርኛ፣ ሌላዋ በኦሮምኛ። እጁን ያነሣ ወታደርም በአንዱ ቋንቋ ይለምናል። ፊልሙ በየትኛውም ከተማ ሲታይ ከእነዚህ ድምፆች ሥር፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር፣ ሰብታይትል ይኖራል ወይስ ለአንዳንዶቹ ብቻ?